«እጃችን ሥዕል አያውቅም» እንዳንል



ለትምህርት ቤታችን በዓል የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንድንሥል በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙዎቻችን «እጃችን ሥዕል አያውቅም፤ እንደ ጢስ የሚተንን ውሃ በምን ችሎታ እንሥለዋለን?» አልን። ነገር ግን ችሎታ ከሥራ በፊት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ከሥራው ጋር አብሮ የሚያድግ ነው።

ምስክሩም ሩቅ አይደለም። በጣና ዳር፣ በዘጌ፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል። የጥንት ሠዓልያን የቀደመውን ሥዕል እያዩ በመቅዳት እጃቸውን ያሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት አፈወርቅ ተክሌም ወደ ሥዕል ዞረው፣ ኋላ በአዲስ አበባ ለአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሆነውን ባለቀለም መስተዋት ሠሩ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ዛሬ መስመሩን በከሰል እንጀምር፤ የተጣመመውን አጥፍተን እንደገና እንሥል። አለቱን የሚችል አለቱን፣ ዛፉን የሚችል ዛፉን ይያዝ፤ ጢሱን ግን ሁላችንም እንሞክረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ጉድለቱን ከማየታችሁ በፊት ጅማሬያችንን ተመልከቱልን። ያስጀመረን አምላክ ያስፈጽመን።