የሰንጠረዡ ባዶ ቦታዎች፦ ሃይማኖቶችን ስለማነጻጸር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሲያስተምሩት ስለኖሩት ትምህርት ሃያ ደቂቃ ያህል ይንገሩን» ብሎ ሲጋብዘኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ መሆኑን ግን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። እንቅልፍ የሚጥላችሁ ካላችሁ አልቀየምም፤ ክፍል ውስጥም ለምጄዋለሁ። የምነግራችሁ ስለ ሃይማኖቶች ንጽጽር ጥናት ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦች ነው፤ እግረ መንገዴንም አንድ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

በ1979 ዓ.ም. ወደዚህ ግቢ ስገባ ሃይማኖት በክፍል ውስጥ የሚነሣው በማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ላይ ነበር፤ ያውም ጊዜው እንዳለፈበት ነገር። ዶርም ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ከጎኔ የሚተኛው ልጅ ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ዓቢይ ጾምና ረመዳን በተቀራረቡበት ዓመት ክርክራችን አያልቅም ነበር። እኔ «ማታ ማታ ሥጋ እየበላህ ይሄ ምኑ ጾም ነው?» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «አንተ በጠራራ ፀሐይ ሽሮህን እየበላህ፣ ውኃህን እየጠጣህ ያንተስ ምኑ ጾም ነው?» ይለኛል።

ሁለታችንም የምንሟገትበት ቃል አንድ ነው። የእኛ «ጾም»፣ የዐረብኛው «ሰውም» እና የዕብራይስጡ «ጾም» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። የቃሉ ጥያቄ ግን ተለያይቷል። የእኔ ጾም በዋናነት «ምን ትበላለህ?» ይላል፤ የእሱ «መቼ ትበላለህ?» ይላል። እያንዳንዳችን የሌላውን ጾም በራሳችን ጥያቄ ስንለካው ጎደለብን። ይህን ያኔ አልገባኝም። ለመረዳት ወደ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያውም የሰው ልጅ በድዬ።

ትምህርቱ በዘመናዊ መልኩ ሲጀመር ጀርመን ተወላጁ ማክስ ሙለር በ1870 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ባደረጋቸው ንግግሮች፣ የራሱን ሃይማኖት ብቻ የሚያውቅ ሰው የራሱንም በቅጡ አያውቅም የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር። እኔም በ1980ዎቹ መጨረሻ ማስተማር ስጀምር ይህን ይዤ ገባሁ። ማነጻጸር ማለት ሰንጠረዥ መሥራት መስሎኝ ትልቅ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። በቁመቱ የሃይማኖቶቹ ስም፤ በአግድሙ መሥራች፣ የተመሠረተበት ዘመን፣ ቅዱስ መጽሐፍ፣ የአምልኮ ቤት፣ ዋና በዓል። ተማሪዎች ወደዱት። ለፈተና ይመቻል፤ ለማረምም ይመቻል።

አንድ ዓመት የፈተናው ጥያቄ «አምስት ሃይማኖቶች መርጣችሁ ሰንጠረዡን ሙሉ» የሚል ነበር። አንድ ዝምተኛ ተማሪ አራቱን አሳምሮ ሞላና በአምስተኛው ረድፍ ላይ «ዋቄፈና» ብሎ ጻፈ። መሥራች፦ የለም። የተመሠረተበት ዘመን፦ የለም። ቅዱስ መጽሐፍ፦ የለም። የአምልኮ ቤት በሚለው ሥር «ወንዝ ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር» አለ። በዓል በሚለው ኢሬቻን ጻፈ። እኔ ረድፉን በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት።

ልጁ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ ስሕተቴ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

«ባዶ ነው እኮ! ባዶ ላይ ማርክ አይሰጥም» አልኩት።

«ባዶ አይደለም መምህር። የለም ብዬ ጽፌያለሁ» አለኝ። ከዚያ አመስግኖኝ ወጣ።

የሚያሳፍረኝን ልጨምርላችሁ። ከጊዜ በኋላ የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ የዚያን ፈተና የመልስ ቁልፍ አገኘሁት። በራሴ እጅ፣ ሂንዱይዝም በሚለው ረድፍ፣ መሥራች በሚለው ሥር «የለውም» ብዬ ጽፌያለሁ። «የለውም» ብለው ለጻፉ ተማሪዎች ሁሉ ማርክ ሰጥቻለሁ። ያው መልስ ስለ ሕንድ ሲጻፍ ዕውቀት ሆነ፤ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ዋቃን ስለሚያመሰግኑ ሰዎች ሲጻፍ ባዶ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ የምናገራቸው ጽንሰ ሐሳቦች እኔን ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ያስጣሉኝ ናቸው።

የመጀመሪያው «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝ የተባለ ካናዳዊ ምሁር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሃይማኖትን እንደ ዕቃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠር የቅርብ ጊዜ ልማድ መሆኑን ተከራክሯል። በእሱ አመለካከት በአንድ በኩል የሰውየው እምነት፣ በሌላ በኩል ሲወርድ ሲዋረድ የተከማቸው ትውፊት አለ። በእኛም ቋንቋ ነገሩ ይታያል። «ሃይማኖት» ከአራማይክ ጋር የተዛመደ ቃል ነው፤ ሥሩ «አመነ» እና «አሜን» የወጡበት ነው። የግእዙ «ሃይማኖተ አበው» የአባቶች እምነት ማለት ነው፤ ብዙ «ሃይማኖቶች» ተደርድረው ከሚመረጡበት ዝርዝር አንዱ ማለት አይደለም። የዐረብኛው «ዲን» ደግሞ ከፍርድ ጋር የተያያዘ ትርጉም አለው። «የውሙ ዲን» የፍርድ ቀን ነው፤ ግእዙም «ዕለተ ደይን» ይላል። የሕንዱ «ዳርማ» ግዴታንም፣ ሥርዓትንም፣ የነገሮችን ትክክለኛ አካሄድም ይይዛል። ጃፓኖች ዛሬ ለሃይማኖት የሚጠቀሙበት «ሹክዮ» በዚህ ትርጉሙ የጸናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከምዕራባውያን ጋር የተደረጉ ውሎችን መተርጎም ሲያስፈልግ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ገና ከርእሱ ጀምሮ የአንድ ወገን ቋንቋ ነበር። «መሥራች» እና «መጽሐፍ» የሚሉት ዓምዶች ለክርስትናና ለእስልምና ልክ የተሰፉ ልብሶች ናቸው። ሌላው ሲለብሳቸው ቢሰፉት ጥፋቱ የሰፊው ነው።

ሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ ፈላስፎች ከግሪክኛ ወስደው «ኤፖኬ» የሚሉት ነው። የሌላውን እምነት ስታጠና «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» የሚለውን ፍርድ ለጊዜው ማቆየት ማለት ነው። እኛ በፍርድ ቤት ቋንቋ «በቀጠሮ ይደር» እንላለን። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ይደነግጣሉ፤ «እምነታችንን እንድንተው ነው ወይ?» ይላሉ። አይደለም። ዳኛ ቀጠሮ ሲሰጥ ሕሊናውን አልሸጠም። ምስክር ሳይሰማ አልፈርድም ማለቱ ነው። እኔ ያን ልጅ ምስክርነቱን ሳልሰማ ፈርጄበታለሁ።

ሦስተኛው የውስጥና የውጭ ዕይታ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኬኔት ፓይክ በ1954 እ.ኤ.አ. «ኤሚክ» እና «ኤቲክ» የሚባሉትን ቃላት ከድምፅ ጥናት አውጥቶ ለባህል ጥናት አዋላቸው። እኔ ተማሪዎቼን በአማርኛ ነበር የማስረዳቸው። «ጠራ» እና «ተራ» በሉ። እንግዳ ጆሮ አንድ ነገር ይሰማል፤ ለእኛ ግን አንዱ ሰው መጣራት፣ ሌላው ወረፋ ነው። ሃይማኖትም እንደዚያ ነው። ውጭ ያለው ሰው ዛፍ ሥር የተሰበሰበ ሰው ሲያይ «ዛፍ ያመልካሉ» ይላል። ውስጥ ያለው «የምናመሰግነው ዋቃን ነው» ይላል። ውጭ ሆኖ ማየትም ጥቅም አለው፤ ውስጥ ያለው ሰው ለምዶት የማያስተውለውን ያሳያል። ግን ቅድሚያ ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል።

አራተኛው፣ ሰንጠረዡን በምን እንተካው ለሚለው መልስ የሰጠኝ ነው። ኒኒያን ስማርት በ1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ጥናት ክፍልን ያቋቋመ ስኮትላንዳዊ ምሁር ነው። ሃይማኖትን በሰባት ገጽታዎች እንድናይ ያሳስባል፦ ሥርዓተ አምልኮ፣ ትረካ፣ ውስጣዊ ስሜትና ገጠመኝ፣ ማኅበራዊ አደረጃጀት፣ ሥነ ምግባርና ሕግ፣ አስተምህሮ፣ እንዲሁም ሕንፃን፣ ሥዕልንና የተቀደሰ ቦታን የሚያካትተው ቁሳዊ ገጽታ። አንዱ ሃይማኖት በአንዱ ገጽታ ሲደምቅ ሌላው በሌላው ሊደምቅ ይችላል። በዚህ ዓይን ሲታይ የልጁ ረድፍ ሙሉ ነው። ሥርዓት ቢባል ኢሬቻ አለ፤ አደረጃጀት ቢባል ቃሉዎች አሉ፤ ሥነ ምግባር ቢባል ተገቢውንና ነውሩን የሚለይ «ሰፉ» የተባለ ጥልቅ ሐሳብ አለ።

ገጽታዎቹ የራሳችንንም ቤት ያሳዩናል። በአገራችን «የክርስቲያን ሥጋ» እና «የሙስሊም ሥጋ» የሚባል ነገር እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ እንግዳው ሁሉ ተከብሮ ይበላል። መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ ይህን አያገኘውም። እንዲያውም የቁርኣን 5ኛ ምዕራፍ፣ ሱረቱል ማኢዳ፣ መጽሐፍ የተሰጣቸውን ሰዎች ምግብ ይፈቅዳል። ታዲያ ድንበሩን ማን አሰመረው? አብሮ የኖረው ሕዝብ፣ ተራርቆ ሳይሆን ተጎራብቶ ሳለ ማንነቱን ለመጠበቅ ያሰመረው ነው። ያውም ድንበሩን የሚያከብረው ደጋሹ ራሱ ነው፤ ለጎረቤቱ ለብቻው የሚያሳርድለት እሱ ነው። አስተምህሮን ብቻ ያየ ሰው ይህን መለያየትም አያየውም፣ መከባበሩንም አያየውም።

አምስተኛውና የመጨረሻው የማነጻጸር ፍትሕ ነው። ስዊድናዊው የነገረ መለኮት ምሁር ክሪስተር ስቴንዳል የስቶክሆልም ጳጳስ በነበሩበት በ1985 እ.ኤ.አ. ሦስት ምክሮችን እንደሰጡ ይነገራል። ስለ አንድ ሃይማኖት ለማወቅ ከፈለግህ አማኞቹን ጠይቅ እንጂ ጠላቶቻቸውን አትጠይቅ። የራስህን ምርጥ ከሌላው መጥፎ ጋር አታወዳድር። በሌላው ዘንድ የምትቀናበትን በጎ ነገር ለማየት ልብህን ክፍት አድርግ። ዶርም ውስጥ እኔና ጓደኛዬ ሁለተኛውን ምክር በየቀኑ እናፈርሰው ነበር። ሦስተኛውን ግን ሳናውቀው ፈጽመነዋል፤ ለሱሁር ሲነሣ ባየሁት ቁጥር እኔም ተነሥቼ መጸለይ እንዳለብኝ ትዝ ይለኝ ነበር። አልተነሣሁም እንጂ!

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ከሦስት ዓመት በፊት ለቅሶ ቤት ተገናኘን። እሱም ሸብቷል። ድንኳኑ ጥግ ላይ ወስጄ፣ «ያኔ ማርክህን አላግባብ ወስጄብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ማርኩን እንኳ ረስቼዋለሁ መምህር» አለኝ። «ባዶ ነው ያሉኝን ግን አልረሳሁም። ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ቤታቸው ባዶ አልነበረም።» ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ያ ሰንጠረዥ አሁንም አለ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በልበ ሙሉነት «የለም» አልኩት።

ባለፈው ወር ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ፣ ጡረታ ስወጣ ማስታወሻዎቼን በሙሉ ያስረከብኩትን ወጣት ባልደረባዬን የሚያስተምርበትን ጥራዝ እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ስገልጠው ሰንጠረዡ አለ። ዓምዶቹም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው በታይፕ የነበረው በኮምፒዩተር መጻፉ ብቻ ነው። እሱ ጥፋት የለበትም፤ መምህሬ የሰጡኝ ነው ብሎ አክብሮ ይዞታል። እኔ ቀስ በቀስ ሐሳቤን ለውጬ በቃል ሌላ ነገር አስተምሬያለሁ፤ ወረቀቱን ግን ሳላርመው አወረስኩት። በትምህርት ቤት ደግሞ ከቃል ይልቅ ወረቀት ዕድሜው ረጅም ነው።

ስለዚህ በሥራ ላይ ያላችሁን መምህራን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከእኛ የተረከባችሁትን ጥራዝ ክፈቱ፤ ተማሪ «የለም» ብሎ ሲመልስ ባዶ የሚመስለውን ዓምድ ሁሉ እንደገና መርምሩት። የእኔን ሰንጠረዥ ከባልደረባዬ ጋር ሆነን ማረም ጀምረናል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ተማሪዎች ከመጽሐፍ በፊት ከራሳቸው እምነት ውጭ የሆነን አንድ ሰው ጠይቀው ይመጣሉ። ጥያቄውም «ስለ እምነታችሁ ልጠይቅ የሚገባኝ ጥያቄ የትኛው ነው?» የሚል ነው።

እናንተ የባቼ ልጆች ደግሞ ዛሬ ማታ እራት ላይ ስትቀመጡ፣ ያኔ ዶርም ውስጥ የተከራከራችሁትን ሰው ፈልጉና ከጎኑ ተቀመጡ። የእኔው የዶርም ጓደኛ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሽሮዬን ሊጠይቀኝ እንደተዘጋጀ ከፊቱ አነባለሁ።