አስተርጓሚው ማን ይሁን?

አቅራቢ 1፦ ከአርሲ ነገሌ ለሕክምና ሕንድ ወይም ባንኮክ የሚሄድ ሰው የሜዲካል ቦርድ ወረቀቱን፣ ቪዛውንና ዶላሩን ለማሟላት ደፋ ቀና ይላል። አስተርጓሚ ግን ትዝ የሚለው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ነው።

አቅራቢ 2፦ ባንኮክ የሚገኘው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል እኮ የአማርኛ አስተርጓሚ አለው።

አቅራቢ 1፦ ልክ ነህ። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ እናትስ? የሚሉትን ልጃቸው ወደ አማርኛ፣ አስተርጓሚው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ሕመሙ ሲተኙ ይሁን ሲራመዱ የሚብሰው፣ መቼ እንደጀመራቸው፣ መሃል ላይ ይጠፋል።

አቅራቢ 2፦ ልጅ ደግሞ ክፉ ወሬ ለእናቱ መንገር ይከብደዋል። ሐኪሙ ካንሰር ነው ሲል፣ እሱ ትንሽ እብጠት ነው ይላቸዋል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ እሳቸው ግን ምንነቱን ላላወቁት ቀዶ ሕክምና ይፈርማሉ። ይሄ ትልቅ በደል ነው።

አቅራቢ 1፦ የማህፀን ሕመም ከሆነማ ልጃቸው ፊት ጨርሶ አይናገሩትም። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍላቸውም ይኸው የአስተርጓሚ ችግር አለ።

አቅራቢ 2፦ አድማጮቻችን፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሆስፒታሉ በቋንቋችሁ የሚያስተረጉም ባለሙያ እንዳለው ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር በእንግሊዝኛ አስጽፉ። ታካሚ ወደ ሆስፒታል በመላክ ኮሚሽን የሚከፈለውን ደላላ ግን አስተርጓሚ አታድርጉ።