ትንሹን ቁጥር ጠይቁ፦ ለመኪና አካል እድሳት የሚሆን የብየዳ ማሽን አመራረጥ



የዛሬው ርእስ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ያነሰ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። አንድ ሰው በግቢው፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሆኖ የዛገ መኪናውን ለማደስ የትኛውን የብየዳ ማሽን ይግዛ? ጥያቄው ግን የኪስም የደኅንነትም ጥያቄ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ቮልስዋገን እኅቶች ዛሬም በአዲስ አበባ ይሽከረከራሉ። የቮልስ ሞተር ይጠገናል፤ የሚገድላት የወለሏ ዝገት ነው።

ምሳሌዬን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጋይንት እወስዳለሁ። በመዲናዋ ጋዙም፣ መለዋወጫውም፣ ባለሙያውም ቅርብ ስለሆነ የተሳሳተ ምርጫ ቶሎ አይጋለጥም። በነፋስ መውጫ ከተማ ግን ይጋለጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ስሟም ጠባይዋን ይነግረናል። ሁለቱም ነገሮች፣ ከፍታውም ነፋሱም፣ በብየዳ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አላቸው።

አስቀድሞ ስለ ላሜራው። የአብዛኞቹ መኪኖች የውጭ አካል ውፍረት ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ለተራ ብረት በልምድ የሚሠራበት ስሌት ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ያህል ይላል። እንግዲህ ለ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ 32 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ወደ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚያሳያችሁ ግን 200 እና 250 የሚለውን ትልቅ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የበር ፍሬምና የውሃ ታንከር ማቆሚያ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። ለእናንተ የሚያስፈልገው ማሽኑ ሳይቆራረጥ ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛው አምፔር ነው። 50 ላይ የሚቆም ማሽን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለመኪና አካል አይሆንም።

በገበያችን በብዛት የሚገኘው በኤሌክትሮድ የሚሠራው ኢንቨርተር ነው። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ለሻንሲ፣ ለባላስትራ መያዣ፣ ለጭነት መኪና ካሳ ያገለግላል። ነገር ግን የተለመደው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 አምፔር በታች በደንብ አይነድም፤ ፓራፋንጎን በእርሱ መበየድ መብሳት ነው። ብዙ ሰው ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ ይሸጣል። ከሁለት ክረምት በኋላ ስቱኮው ከነዝገቱ ይረግፋል።

ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ባትላሜራዎቻችን የኖሩበት የጋዝ ብየዳ ግን ክብር ይገባዋል። የጥሩ ባትላሜራ እጅ በኦክሲጅንና በአሴቲሊን ነበልባል የሠራው መገጣጠሚያ ለስላሳ ስለሚሆን በመዶሻ ይስተካከላል። ለቤት የማልመክረው በሁለት ምክንያት ነው፦ ሙቀቱ በሰፊው ተሠራጭቶ ኮፋኖውን ያጣምማል፤ ከካርባይድና ከውሃ አሴቲሊን የሚያመነጨው በእጅ የተሠራ በርሜልም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

የሚቀረው፣ ምርጫዬም የሆነው፣ ሚግ ነው፦ ከ25 ወይም ከ30 አምፔር የሚጀምር፣ 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚቀበል፣ ጋዝ የሚገጠምለት ማሽን። እዚህ ላይ ነው የነፋስ መውጫ ጉዳይ የሚመጣው። መከላከያ ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚጋርድ ስስ መጋረጃ ነው፤ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል የሚነፍስ ቀላል ነፋስ ይበትነዋል፤ ብየዳውም እንደ እንጀራ ዓይን ይሆናል። «ያለ ጋዝ ይሠራል» ተብሎ የሚሸጠው፣ ውስጡ የፍላክስ ዱቄት ያለበት ሽቦ፣ ነፋስ አይፈራም፤ ሲሊንደርም ከሩቅ አያስጭንም። ስለዚህ ለጋይንት የተፈጠረ ይመስላል። ይሁንና ሽቦው ወፈር ያለ፣ ሙቀቱም ከፍ ያለ ስለሆነ ስስ ላሜራን ይበሳል። የእኔ ምክር ነፋሱን በሦስት ቆርቆሮና በሸራ ከልሎ በጋዝ መሥራት ነው። ጭስ መውጫ መተው አይረሳ፤ በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል። ሁለቱንም ሽቦ የሚቀበል ማሽን ከገዛችሁ፣ በጋዝ ሲሠራ ችቦው በአዎንታዊው፣ በፍላክስ ሽቦ ሲሠራ በአብዛኛው በአሉታዊው ዋልታ ላይ እንደሚታሰር ልብ በሉ። «ማሽኑ ተበላሸ» ከሚሉ ቅሬታዎች ጥቂት የማይባሉት ይህን ካለመቀየር ይመጣሉ።

ስለ ኤሌክትሪክ ባጭሩ። ተርቦ የሌለው ጄኔሬተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ ባለ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ማሽን በነፋስ መውጫ ወደ 3.5 ይወርዳል። ደግነቱ በ35 አምፔር የሚበይድ ሚግ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚስበው። ዓለም አቀፉ የብየዳ ማሽኖች ደረጃ የተጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ስስ አየር ማሽኑን እንደሚገባው ስለማያቀዘቅዝ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ዱቲ ሳይክል እንዳለ አትመኑ።

ጋይንትን ካነሣን ቤተ ልሔምን ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም ወደዚያ በዘለቀ ጊዜ በክቡ ሕንፃ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ፣ አራት ማዕዘን ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አየ። አዲሱ አሮጌውን ሸፍኖ ጠበቀው። በላሜራ ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው። በዝገት ላይ የተደረበ አዲስ ላሜራ እርጥበቱን መሐል አፍኖ ይይዛል፤ ዝገቱም ከእይታ ተሰውሮ ይበላል። ስለዚህ ጤናማ ብረት እስኪገኝ መቁረጥ፣ ከዚያ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ በነጥብ በነጥብ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ እያቀዘቀዙ መበየድ ነው። የደኅንነት ቀበቶ የሚታሰርበትንና መሪው የሚያያዝበትን ክፍል ግን ለሠለጠነ ባለሙያ ተዉት፤ በአደጋ ጊዜ የሰው ሕይወት በዚያ መገጣጠሚያ ላይ ይንጠለጠላል።

ሌላም ነገር ከቤተ ልሔም እንዋስ። የድጓ ተማሪ ሌላ ጉባኤ ቤት ተምሮ ሲያበቃ ለማስመስከር ወደዚያ ይሄዳል። ማሽንም ሳይመሰክር አይገዛ። ከመኪናችሁ ላይ የቆረጣችሁትን ጤናማ ላሜራ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ ሁለት ቁራጭ አስበይዱና በሞርሳ ይዛችሁ እጠፉት። መገጣጠሚያው ላይ ከተሰነጠቀ ወይም ላሜራው ከተበሳ፣ ማሽኑን ወይም በያጁን ቀይሩና እንደገና ሞክሩ። ሻጩ ለመሞከር እንቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ቲግን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ንጹሕ አርጎንና ብዙ ልምምድ ስለሚጠይቅ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። በጥያቄና መልስ ጊዜ ልንመለስበት እንችላለን።