የነቀዝ ክኒኑ የትኛው መደብ ላይ ነው?

አንደኛዋ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በቆሎው ጎተራ ሲገባ ነቀዙም አብሮ ይገባል።

ሁለተኛው፦ ክኒኑም ይከተላል! አሉሚኒየም ፎስፋይድ።

አንደኛዋ፦ እሱን ላነሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ ተባዮችን እንደ አደገኛነታቸው በመደብ ይከፍላል፤ 1ሀ እና 1ለ የባሱት ናቸው። ማላታይን 3ኛ መደብ ላይ ነው። ክኒኑን ግን ከእነዚህ በአንዱም አታገኘውም።

ሁለተኛው፦ ታዲያ ቀላል ነው ማለት ነዋ?

አንደኛዋ፦ ኧረ በጭራሽ! መደቡ በዋናነት የሚሰላው መርዙ ሲዋጥ ወይም በቆዳ ሲገባ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። በጋዝ የሚገድሉት ሳይመደቡ ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ማርከሻ የለውም።

ሁለተኛው፦ ጎተራው ደግሞ አንዳንዴ ልጆች ከሚተኙበት መደብ አጠገብ ነው። ክኒኑ በወረቀት ተጠቅልሎ ከተሸጠ የማሸጊያውን የራስ ቅል ምልክት ማን ያያል?

አንደኛዋ፦ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ከማሸጊያው የወጣ ክኒን ግን መመዝገቡ በምን ይታወቃል?

ሁለተኛው፦ እኔ ብጠየቅ አየር የማያስገባውን ባለሦስት ድርብ ከረጢት እመርጣለሁ፤ ነቀዙ ያለ መርዝ ታፍኖ ይሞታል።

አንደኛዋ፦ አድማጮቻችን፣ ከዋናው ማሸጊያ የወጣ ክኒን አትግዙ፤ ሰው በሚያድርበት ቤትም አትጠቀሙበት።