የሽቦው ምስክርነት፦ የሞተር ሙቀት ሴንሰር አገጣጠም በደጋ መንገድ



ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል የጉናን ተራራ ታኮ ነፋስ መውጫ የሚደርስ ተሽከርካሪ ከ1,800 ሜትር ገደማ ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣል። ሞተሩ ዳገቱን ሲታገል የውሃው የመፍያ ነጥብ ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ እየወረደ ይሄዳል። የራዲያተር ክዳን ግፊት በመያዝ ይህን ያካክሳል፤ የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ሞተሩን ከጉዳት ለማዳን የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ የሙቀት ሴንሰር ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተጓዥ ቀላል ዕቃ አይደለም።

ሴንሰሩ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ቴርሚስተር ነው። በብዙ መኪኖች የተለመደው ዓይነት በ20 ዲግሪ 2,500፣ በ80 ዲግሪ 320፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 187 ኦም ገደማ ይለካል። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር ግን ሙቀቱን በቀጥታ አያውቅም፤ በ5 ቮልት መስመሩ ላይ ያገኘውን ጠቅላላ ሬዚስታንስ ወደ ዲግሪ ይተረጉማል እንጂ። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ እርጥበት ገብቶበት 135 ኦም ቢጨምር፣ 100 ዲግሪ የደረሰው ሞተር 80 ዲግሪ ሆኖ ይነበባል። በኮምፒዩተሩ የሚታዘዘው ፋን አይነሳም፤ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላል።

እንግዲህ ስንገጥም አራት ነገሮችን እንጠብቅ። አንደኛ፣ መጋጠሚያው በሊድ ተበይዶ ውሃ በማያስገባ ቱቦ ይሸፈን። ሁለተኛ፣ የመመለሻው ሽቦ በአቅራቢያ ከተገኘ ቦዲ ጋር ሳይሆን ከኮምፒዩተሩ የሴንሰር ግራውንድ ጋር ይገናኝ። ሦስተኛ፣ መስመሩ ከካንዴላ ሽቦዎች ይራቅ። አራተኛ፣ የሴንሰሩ ጫፍ በሚዘዋወረው ውሃ ውስጥ ይጥለቅ፤ የታመቀ አየር ከከበበው የሚነግረን የውሃውን ሙቀት አይደለም።

ፍተሻውም ጥንቃቄ ይሻል። ደብረ ታቦር ላይ ሴንሰሩን በፈላ ውሃ ነክሮ የሚለካ ተማሪ 187 ኦም አያገኝም፤ ውሃው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 240 ኦም አካባቢ ያነባል። «ተበላሽቷል» ብሎ ቢጥለው ጤነኛውን ሴንሰር ኮንኖ ጥፋተኛውን ሽቦ በነጻ አሰናበተ ማለት ነው። ስለዚህ ከመልቲሜትሩ ጎን ቴርሞሜትር አይለይ። የጥገና መጽሐፉን ቁጥር ከቆማችሁበት ከፍታ ጋር አገናዝባችሁ አንብቡ።