መርዝን የሚጠቁም ባክቴሪያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ መሐንዲሶች ውኃ በማውጣት እንመሰገናለን፤ ያወጣነው ውኃ ምን እንደያዘ ግን ዘወትር አንጠይቅም። በባንግላዴሽ የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከኩሬ ውኃና ከተቅማጥ ለማዳን የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጉድጓዶች በሚሊዮን ተቆፈሩ። ሥራው በቅን ልቡና የተሠራ ነበር። ይሁንና ከምድሩ የሚመጣው አርሰኒክ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውምና፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ1993 ነው። ሕዝቡ እስከዚያ ድረስ ሲጠጣው ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ተመርምረው መርዙ ከአገሪቱ ወሰን በላይ የሆነበት ፓምፕ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ተቀባ። የአገሪቱ ወሰን በሊትር 50 ማይክሮግራም ሲሆን የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው 10 ነው። በመስክ የሚያዘው የኬሚካል መመርመሪያ ደግሞ በዚህ ዝቅተኛ መጠን ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አርሰኒክን ከሰውነቱ የሚያስወጣበት የተፈጥሮ ዘዴ አለው። ዘዴውን የሚያዘውን ዘረ መል አንድ ፕሮቲን ዘግቶት ይቀመጣል፤ አርሰኒክ ሲገባ ፕሮቲኑ ይለቀዋል፣ ዘረ መሉም ሥራ ይጀምራል። ተመራማሪዎች በዚያው መዝጊያ ሥር ብርሃን የሚያመነጭ ዘረ መል ቀጠሉበት። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይነኩ ሌላ አምፖል እንደመግጠም ነው።

የስዊስና የቬትናም ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከቀይ ወንዝና ከሜኮንግ ደልታዎች በተቀዱ 194 የከርሰ ምድር ውኃ ናሙናዎች ላይ ባክቴሪያውን ፈትነውታል። በ10 ማይክሮግራም ወሰን ላይ መርዝ ሳለ «የለም» ያለው 8 በመቶ፣ ሳይኖር «አለ» ያለው 2.4 በመቶ ነበር። ሁለቱን ስሕተቶች እኩል አድርጎ ማየት አይገባም፤ ሁለተኛው ባለ ጉድጓዱን በከንቱ ያስደነግጣል፣ የመጀመሪያው ግን ቤተሰቡ መርዙን መጠጣቱን እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ባክቴሪያው ናሙናዎችን ለመለየት ይዋል፤ በወሰኑ አቅራቢያ የሚገኘው ሁሉ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ከምርመራው በኋላም ባክቴሪያው ተገድሎ ይወገድ እንጂ በጉድጓዱ አጠገብ አይደፋ፤ ይህን ማንም እንደ ትንሽ ነገር እንዳይቆጥረው እለምናለሁ።

በመጨረሻም ባክቴሪያው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን የሕፃናትን ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ ነው፤ በዚያ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ሳይበራ ቢቀር ስለ ፍሎራይዱ የነገረን ነገር የለም።