ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ የጨለመ ዕለት
(በወርሃዊ ስብሰባችን ከጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ስብሰባ «የሰኔ 30 ሒሳብ ለምን ዘገየ?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ጽሕፈት ቤቱን የምንይዘው ሦስታችን የሆነውን እንዳለ ልንነግራችሁ ቆመናል፤ የሚያሳፍረንንም ጨምረን።

ሰኔ 28 ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትነው። የሳጥኑ መብራት በራ፣ ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አጠፋን፣ አበራን፤ ያው ነው። አንዳችን እንደ ድሮ ራዲዮ መስሏት ሳጥኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። እሱ ደግሞ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ሲጮህ ደንግጠን ከሶኬቱ ነቀልነው።

ያስደነገጠን የዕቃው ዋጋ አልነበረም። ያጠራቀማችሁት፣ የተበደራችሁት፣ የመለሳችሁት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። «ኮምፒውተር እያለ ምን ድካም ነው» ብለን በወረቀት መመዝገብ ካቆምን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ፍላሽ ላይ የገለበጥነው የሚያዝያውን ነበር፤ የግንቦትና የሰኔው የለም። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰው፤ «የሴቶቹ ገንዘብ ከኮምፒውተሩ ጠፋ» ተባለ። አንዲት እናታችን የቁጠባ ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው በዝናብ መጥተው «ልጆቼ፣ የእኔስ አለ?» ሲሉን መልስ አጣን።

የሚያሳፍረን ደግሞ ይኸውላችሁ። ክፍሉን የምታጸዳውን ልጅ «ውኃ አስነክተሽው ነው» አልናት። አልቅሳ ሄደች።

አንድ ጠጋኝ በስልክ ስናማክር፣ ሳያየው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ» አለን። ልንገዛም ነበር። ገንዘብ ያዣችን ግን «የታመመው የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ አንዲት ብር አላወጣም» ብላ ደብተሯን ዘጋች። ኮሌጅ ኮምፒውተር የምትማር የአንዲት አባላችን ልጅ አለች። ሐምሌ 2 እሷ በስልክ እየመራችን እኛው በእጃችን ፈተሽነው።

መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ ሳጥኑ ሳይሆን ስለ ስክሪኑ ነው። «ከታች ያለችው ትንሽ መብራት ምን ዓይነት ናት?» ብርቱካናማ ናት አልናት። እንግዲያው ስክሪኑ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ከሳጥኑ ምስል አልደረሰውም ማለት ነው። ኬብሉን ነቅለን አየነው። የእኛው ሰማያዊ ራስ ያለው ቪጂኤ ነው፤ ውስጡ ስስ መርፌዎች አሉት፣ አንዷ ከተጣመመች ምስል ሊበላሽ ይችላል። ደህና ነበሩ። የተለየ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ኬብሉ የሚሰካው በካርዱ ላይ ነው፤ ሌላው ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ስክሪኑ ጨልሞ ሊቀር ይችላል። የእኛ እንዲህ ያለ ካርድ የለውም። ስክሪናችንን ከነኬብሉ ወስደን ከጎረቤት ኮምፒውተር ጋር ስናገናኘው ቦግ ብሎ በራ። ስለዚህ የታመመው ሳጥኑ ነው።

ቀጥላ ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ የምትባለውን ቁልፍ እንድንጫን አዘዘችን። መብራቷ ብትበራና ብትጠፋ ኖሮ ኮምፒውተሩ ሥራውን ጀምሯል፣ የጎደለው ምስል ብቻ ነው ይባል ነበር። የእኛ ዝም አለች። ገና ሳይነሣ መንገድ ላይ ቀርቷል። «የሒሳቡስ ነገር?» አልናት። መዝገቡ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ ማዘርቦርዱ ቢቃጠል እንኳ ዲስኩ ራሱ ካልተጎዳ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል አለችን። የተነፈስነው ያን ጊዜ ነው። ለእናታችንም ወዲያው ደወልንላቸው።

ከዚያ ሳጥኑን ከፈትን። ገመዱን ከሶኬት ነቅለን፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነን፣ ውስጡን ከመንካታችን በፊት የሳጥኑን ብረት ነካን፤ በሰውነታችን ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን የብረት ሳጥን፣ ፓወር ሳፕላዩን ግን ማንም እንዳይፈታ፤ ተነቅሎም ኃይል ይዞ ይቆያል።

ራም የሚሉት ስንዝር የማይሞላ ጠባብ ሰሌዳ ነው፤ የእኛው ሁለት አለው። የአንደኛው ጫፍ ከማቀፊያው ወጣ ብሎ አገኘነው። ያ ሁሉ ጢጥ ጢጥ ስለ እሱ ኖሯል! (የጩኸቱ ትርጉም እንደየአምራቹ ይለያያል፤ ዋናው ሳያጠፉት መቁጠር ነው።) ሁለቱንም አውጥተን ወርቃማ ጥርሳቸውን በደረቅ ላጲስ ቀስ ብለን ጠረግን፣ ብናኙን አራገፍን፣ መጀመሪያ አንዱን ብቻ መለስን። በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፤ መያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ ይጫኑታል። አበራነው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። አጥፍተን፣ ነቅለን፣ ሁለተኛውን ጨመርን፤ ሠራ። እንቢ ቢል ኖሮ ቀጣዩ ሳንቲም የምታክለዋን 3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የባለሙያ ነው።

ራሙን ማን አላቀቀው? እኛው ነን። በሰኔ ሳጥኑን ለሥልጠናው በባጃጅ ወደ አዳራሽ ወስደን የመለስነው ሦስታችን ነን፤ የሰፈራችንን መንገድ ታውቁታላችሁ። ልጅቷን ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም በፊታችሁ እንጠይቃታለን።

የዘገየነው የሁለቱን ዓመት ሒሳብ በወረቀት መዝገብ ስንገለብጥ ነው። ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል፤ አንዱ ገንዘብ ያዣችን ቤት ያድራል። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳጥኑን ከፍተን አቧራውን እናጸዳለን። ማየት የምትፈልጉ ኑ። ላጲሳችንን ልጆች ወስደውብናልና አንድ ይዛችሁ ኑ።